የድንኳን ቀለም

ወይዘሮ አልታየች ይርጋን የሰደበችው ጥር ሃያ ቀን ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ በላይ ባለው ግቢዋ፣ ለልጇ ለባይነሽ ሰርግ በተጣለው ዳስ ውስጥ፣ ከመግቢያው በስተግራ ሦስተኛው ምሰሶ ሥር ነበር። ሙሽራው ማረው የይርጋ ታናሽ ወንድም ነው። በእናት አንድ ናቸው፤ በአባት ግን የማረው አባት የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የይርጋ አባት ቆዳ ፋቂ ነበሩ። ያን ዕለት ይርጋ አዲስ ካኪ ሱሪውን ለብሶ፣ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፣ ከሚዜዎቹ አጠገብ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ወይዘሮ አልታየች አስተናጋጇን በክርኗ ጎሰም አደረገቻትና፣ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ እንኳ ሳትጨነቅ፣ «ለዚህኛው በሌላ ሳህን፤ ፊቱንም ወደ በሩ አዙሩት። የፋቂ ዓይን ሙሽራ ላይ አይረፍ» አለች። ሚዜዎቹ ሰሙ። ማረውም ሰማ፤ ሰምቶ ቀና ሳይል ጉርሻውን ዋጠ። ይርጋ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ደጅ የቆሙትን ውሾችና ለማኞች እያየ የቀረበለትን በላ። ሳህኑ አረንጓዴ ነበር፤ ጠርዙ የተላጠ። ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው ያን ጊዜ ምን መልስ ሰጠ ቢባል፣ ምንም። መልሱ የመጣለት ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ያችን መልስ እንደ ቢላዋ ሲስላት ኖረ። ወይዘሮ አልታየችን በፊቷ «እርስዎ» ይላታል፤ በሆዱ ግን «እሷ» ናት።

የሚስልበት አጥቶ አያውቅም፤ በየዓመቱ አዲስ ሞረድ ወይዘሮ አልታየች ታቀብለዋለች። ባይነሽ ስምንት ዓመት ሳትወልድ ስትቀር፣ የሰርጉ ዕለት ያረፈባት ዓይን ነው ተባለ። በዘጠነኛው ዓመት በጥቅምት ሥርጉት ስትወለድ፣ ይርጋ ከሟች አባቱ የቀረውን አንድ አንቀልባ፣ ለስላሳ የፍየል ቆዳ ነው፣ ጠርዙን በዛጎል አስጊጦ ላከ። አንቀልባው በሦስተኛው ቀን በዚያው በላከው ሰው እጅ ተመለሰለት። «ልጃችንን በኩታ እናዝላታለን» ብላለች አሉት፣ ወይዘሮ አልታየች። ማረው ልጁን አላያትም። የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ከመወለዷ ሁለት ወር አስቀድሞ ከነመኪናው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ታዟል። ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን ማለዳ የቀበሌው ሰዎች መርዶውን ይዘው መጡ። ሬሳ አልመጣም፤ መኪናውም አልመጣ።

በዚያ ዓመት ደሴ ገበያ ጥቁር ቀለም ጠፍቶ ነበር። መርዶ ያልገባበት ሰፈር ስላልነበረ፣ የከል መንከሪያ ዱቄት በማንኪያ ሳይሆን በጣት ጫፍ ይሸጥ ጀመር። ይርጋ ግን ጥቁር ሞልቶታል። ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር፣ ድንኳንና የጭነት መኪና ሸራ በሚያዘጋጅ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ቀለም ነካሪ ነው። ከበርሜሉ ሦስት እፍኝ በጋዜጣ ቋጥሮ ወጣ፤ የባይነሽን ነጭ ኩታ ተቀብሎ ሦስት ጊዜ ነከረው፤ ሦስት ጊዜ ፀሐይ ላይ አሰጣው። አላለቀለቀውም። ከል እስከ አርባው ውኃ አይነካም፤ የሐዘን ልብስ ማጠብ ሟቹን ማጠብ ነው ይባላል፤ ደግሞም ያልታጠበ ጥቁር ይበልጥ ይጠቁራል። ኩታውን ሲያመጣ ወይዘሮ አልታየች ተቀበለችው። በእጇ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ «ጠቁሯል። እንዲህ ያለ ጥቁር አይቼ አላውቅም» አለች። በቃ፣ ይችን ብቻ ነው ያለችው። ይርጋ ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዞ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ እንደ ስንቅም ቆንጠር እያደረገ ሁለት ሳምንት ኖረባት።

ከዚያ አንድ ቀን፣ የባይነሽ ጎረቤት ጣይባ በርበሬ ልትሸጥ ኮምቦልቻ ወርዳ መናኸሪያው ላይ አገኘችው። «የወንድምህ ልጅ ገላዋ ፈነዳ አይደል፣ አላህ ያሽራት። ዓይን ነው ብለው ደብተራ ጠርተዋል» አለችው። ጣይባ ክፋት አልነበረባትም፤ የሰማችውን ነው የተናገረችው። ይርጋ ግን «ዓይን» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ጆሮው ደነቆረ። የማን ዓይን እንደሆነ ለማን ይጠፋዋል። ልጂቱን ልይ ብሎ ከመሄድ ይልቅ አኩርፎ ቀረ። እነሱ እስኪልኩበት ጠበቀ። አልላኩበትም።

እንግዲህ ግንቦት ስድስት ቀን ሰማንያ፣ ቅዳሜ ጧት፣ ይርጋ እንደ ወትሮው የወተት ሰልፍ ላይ ቆሞ ነበር። ማቅለሚያ ክፍል ለሚሠራ ሰው ሁሉ ማኅበሩ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጣል። ወተት መርዝ ይሽራል ተብሎ ነው። ማንም ግን እዚያው አይጠጣውም፤ ሁሉም በየጠርሙሱ አስቀድቶ ለቤቱ ይወስዳል፤ ያላገባው ይሸጠዋል። መጋዘኑ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ከላይ፣ የሚፈላው በርሜል ከታች ሲገናኙ ሰው መሐል ላይ እንደ ሽንኩርት ይቁላላል። የነካሪዎቹ እጅ እስከ ክርን ጠቁሯል፤ ጣቶቻቸው መጋጠሚያ ላይ ተሰነጣጥቀው ቁስሉ ቀይ ሆኖ ይታያል። ይህ ሥራው ነው ብለው ተቀብለውታል፤ አናጢ አውራ ጣቱን እንደሚመታው ማለት ነው። ያን ዕለት የመጋዘን ጸሐፊዋ ለይላ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ወጣችና ወተት ቀጂውን «ትንሽ ቆይ» አለችው። ለይላ የቃሉ አውራጃ ገበሬ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ ከሊቀመንበሩ ጋር ከተጣላች ወር አልፏታል።

«ወተት የሚሰጧችሁ ለምን ይመስላችኋል?» አለች።

«ስለሚወዱን» አለ ብሩ፣ ከነካሪዎቹ ሁሉ አንጋፋው። ሰልፉ ሳቀ።

«ወላሂ ቀልድ አላማረኝም፣ ጋሽ ብሩ። አዲሱ በርሜል ውስጥ ይህ ወረቀት ነበረ። ሦስት ቀን ሙሉ ከመዝገበ ቃላት ጋር ተቀምጬበታለሁ። ስሙኝ። ይህ ጥቁር ለድንኳን፣ ለሸራና ለጫማ ቆዳ ነው። የሰው ገላ የሚነካ ልብስ አይነከርበት ይላል። ላብና ዝናብ ሲያገኘው ይለቃል፤ ቆዳ ያቃጥላል፤ ትንፋሽ ያፍናል። ሕፃን አይቅረበው ይላል፤ ይህችን ከሥሯ አስምረውባታል።» ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው። «በጋዜጣ እየተቋጠረ የሚወጣውን አላየሁም አትበሉኝ። ማን ወሰደ ብዬም አልጠይቅም። ለማን እንደነከራችሁለት ግን እናንተ ታውቃላችሁ። ሂዱና ንገሯቸው። ያውልቁት።»

ሁሉም በየጠርሙሱ አፍ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ይርጋ ዙሪያውን ቃኘና አንድም ንጹሕ ሰው እንደሌለ ገባው፤ ሁሉም ለአንድ ሐዘንተኛ ውለታ ውሏል። ብሩ ድምፁን አጥፍቶ፣ «ሐዘንተኛን ከልሽን አውልቂ የሚል ምላስ ከየት ይመጣል፣ ልጄ? እኔ ለሦስት ቤት ነክሬያለሁ» አለ። ወዲያው ሊቀመንበሩ ከቢሮው ወጣ። ለይላ በቀይ ቀለም «ለሰው ልብስ አይሁን» ብላ መጋዘኑ በር ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ከማለዳ ወዲህ ለሦስተኛ ጊዜ ገነጠለና፣ «ጓዲት፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል» ብሎ ተመለሰ። ለይላ ኪሷ ውስጥ አራተኛው ተጽፎ ነበር። ሙጫዋን ልታመጣ ሄደች።

ይርጋ የሥራ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወጣ። ለምን ወጣህ ያለው የለም። በረንዳ ላይ ከሚቸረችሩት አንድ ሳሙና በሁለት ብር ከሃምሳ ገዛ። ሳሙና ያን ጊዜ በኩፖን ነው፤ ከቀበሌ ሱቅ ውጭ ያገኘ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ወተቱን በግራ ኪሱ፣ ሳሙናውን በቀኝ ኪሱ ከቶ አውቶቡስ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ሐረጎን ሲያያዘው እንደ አስም በሽተኛ ያቃስት ጀመር፤ ከቆላው ሙቀት ወጥተው ጉሙ ውስጥ ሲገቡ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ከል ለብሳለች። አንገቷን ታክካለች፤ ታክክና ጥፍሯን ታያለች። ሲያያት አየችውና፣ «ሐዘን ያሳክካል ይላሉ እውነት ነው» አለችው፣ ለሰላምታ ያህል። ይርጋ አፉን ከፈተ። የማያውቃትን ሴት፣ በሰው ፊት፣ የለበስሽውን አውልቂ ሊላት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለና አፉን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ደሴ እስኪደርሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀመጠ፤ ብሩ ያለው ምላስ እሱም ጋ እንደሌለ ታወቀው።

ደሴ ካፊያ ላይ ነበረች። ሰኞ ገበያ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ሰው እየተገፋፋ በድንጋይ ድንጋይ ላይ ይረግጣል። ከዚያ ሁሉ ነጠላ መሐል ጥቁሩ ይበዛል። ይርጋ ከዚህ በፊት ጥቁር ሲያይ ሐዘን ነበር የሚያየው፤ ዛሬ ግን ቀለሙን ነው የሚያየው፤ ይህ የእኛ ነው፣ ይህ የእኛ አይደለም እያለ። የእነሱ ጥቁር ይታወቃል፤ ሲረጥብ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። አንዲት አሮጊት ጉንጫቸው ላይ ከነጠላቸው ጠርዝ የወረደ ወይን ጠጅ መስመር አየ። ገበያውን ጥሎ ዳገቱን ወጣ።

የወይዘሮ አልታየች ቤት ሃያ ሰባተኛ ቀኑ ላይ የደረሰ የሐዘን ቤት ነበር። ለቀስተኛው ሳስቷል፤ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሰሌን ግን አልተነሣም። ከዕድር የመጡት አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሬዲዮው በጨርቅ ተሸፍኗል። ማረው የሹፌር ቆቡን አጋድሎ የተነሣው ፎቶግራፍ ከግድግዳ ወርዶ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የቀበሌው ወረቀት አለ፤ ማኅተሙ ከፎቶው ይልቅ ይጎላል። ወይዘሮ አልታየች መደቡ ላይ ናት፤ ጣይባ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ባይነሽ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች፤ ሥርጉት ጀርባዋ ላይ ናት፣ በዚያው ኩታ ታዝላ። ልጂቱ አታለቅስም። ማልቀስ የሰለቸው ሕፃን የሚያወጣው አንድ ድምፅ አለ፤ እንደ በር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ የሚል፤ ያንን ታሰማለች።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ወይዘሮ አልታየች። ሰላምታው በዚያው አለቀ። ቁጭ በል ያለው የለም፤ አትቀመጥ ያለውም የለም። በሩ አጠገብ አንዱን አግዳሚ ወንበር አውርዶ ተቀመጠ። ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጣይባ ከምስሩ ውስጥ ጠጠር እያወጣች ታስቀምጣለች፤ የጠጠሩ ድምፅ ይሰማል። ዘመዳሞች አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚነጋገሩት ሲያጡ ዝምታው ይከብዳል፤ የሚነጋገሩት ሞልቷቸው ዝም ሲሉ ግን እንዲህ ጠጠር ይቆጠራል። በመጨረሻ ይርጋ፣ «ልጂቱን አሳዪኝ፣ ባይነሽ» አለ።

ባይነሽ እናቷን አየች። ወይዘሮ አልታየች ፊቷን ወደ ፎቶግራፉ መለሰች። ባይነሽ ቀስ ብላ ልጂቱን አወረደችና ጭኗ ላይ ገልጣ አሳየችው። ኩታው ያረፈበት ሁሉ፣ ደረቷ፣ ጎኗ፣ የብብቷ ሥር፣ ቆዳው ተገሽልጦ ሥጋ ይታያል፤ ዳር ዳሩ ወይን ጠጅ ቀለም ይዟል። ኩታው ያልነካው ፊቷና እግሯ ግን ንጹሕ ነው። አንገቷ ላይ የደብተራው ክታብ ተንጠልጥሏል። ይርጋ የራሱን እጅ አየ፤ ከዚያ የልጂቱን ጎን አየ። አንድ ቁስል ነው። የእሱ ሦስት ዓመት ፈጅቷል፤ የእሷ ሃያ ሰባት ቀን እንኳ አልሞላ።

«ከሉ ነው» አለ። «ዓይን አይደለም፣ እመይቴ። እኔ የነከርኩበት ቀለም የድንኳን ቀለም ነው፤ ለሰው ገላ አልተሠራም። ዛሬ ጧት ነው የሰማሁት፤ በወረቀት ተጽፎ መጥቷል። ላብና ዝናብ ሲነካው ይለቃል። ያውልቁት። ልጂቱን በብዙ ውኃ ያጥቧት፤ ሳሙና ይዤ መጥቻለሁ። ሰኞ ደግሞ ቦሩ ሜዳ እንውሰዳት፤ የቆዳ ሐኪም አለ።»

«ቦሩ ሜዳ» አለች ወይዘሮ አልታየች፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደምትቀምሰው ሁሉ። «ጭራሽ የቁምጥና ስም ልታወጣላት። ከቦሩ ሜዳ የተመለሰችን ልጅ ነገ ማን ያገባታል?»

«ጋሼ ይርጋ» አለች ባይነሽ፣ የአንገቷን ልብስ ፈቀቅ አድርጋ። «እኔም ቆስያለሁ። ሐዘኑ መስሎኝ ነበር።»

«ሐዘን ነው!» አለች እናቷ። «አባትሽ ሲሞቱ እኔንም አቃጥሎኛል። ከል እስከ አርባው አይወልቅም። ያ ልጅ ሬሳው አልመጣ፤ መቃብር የለው፤ ከሉ ነው መቃብሩ። በሃያ ሰባት ቀን ነጭ ለብሰሽ ልትታዪ ነው?» ባይነሽ አንገቷን ደፋች። ኩታውን አነሣችና ልጂቱን መልሳ ልታዝል ጀርባዋን አጎነበሰች። ይርጋ ያን ጊዜ ከወንበሩ ብድግ አለ። ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም፤ ከሴት ጀርባ ላይ ልብስ አይነጠቅ። «ስለ ማርያም» አለ። ድምፁ ሰልሎ ወጣ። ሲለምን የሰማችው አሁን ነው፤ ወይዘሮ አልታየች ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችው።

«ይህን ከል የነከርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በእጅህ?»

«በእጄ።»

«ጣይባ፣ ሰምተሻል» አለች። ጣይባ ከምስሩ ላይ ቀና አላለችም። «ደብተራው ያለኝን ልንገርህ። የበላት ሰው የነካው ነገር ከላይዋ ካልተነሣ አትድንም ነው ያለኝ። አንሶላውን ለወጥሁ፤ ክዳን ልብሷን ለወጥሁ። ከሉ ግን ትዝ አላለኝም፤ የሐዘን ዕቃ ነዋ። እንግዲህ አንዱን ምረጥ። ቀለም ነው ካልከኝ፣ ቀለም ሰው አይበላም፤ ከሉ እስከ አርባው ይቆያል። አንተ ነህ የበላሃት ካልከኝ ግን አሁኑኑ አስወልቃታለሁ፤ ደብተራ ያዘዘውን ጎረቤት አይነቅፍ።»

እስከ አርባው አሥራ ሦስት ቀን አለ። ለይላ ያነበበችው ወረቀት ኪሱ ቢኖር እንኳ እዚህ ቤት የሚያነብለት የለም፤ ቢነበብም የሚሰማ የለም። ዘጠኝ ዓመት የሳላት መልስ ጉሮሮው ላይ መጥታ ቆመች፤ ቆንጆ መልስ ነበረች፤ የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ ጭቃ ስለመሠራቱ፣ ስለ አረንጓዴው ሳህን፣ እሷ የምትጫማውን ጫማ ቆዳ ማን እንደፋቀው። ልጂቱ ሲጥ አለች። ኩታው ግማሽ ታስሯል።

«እኔ ነኝ» አለ።

ቤቱ ውስጥ የጠጠሩ ድምፅ ቆመ። ባይነሽ የጨበጠችውን የኩታ ጫፍ እንደ ፍም ለቀቀችው። ልጂቱን ወደ ደረቷ ስባ አቀፈቻት፤ ኩታው ወለሉ ላይ ወደቀ። ወይዘሮ አልታየች ከመደቡ ወርዳ መጣችበት። የፈራች ሴት ፊት ነበራት። ይርጋ ይህን አልጠበቀም። ዘጠኝ ዓመት የናቀችው ይመስለው ነበር፤ ለካ ስትፈራው ኖራለች።

«ከኮትህ ቁራጭ ስጠኝ፤ ላጥናት» አለች።

ኮቱ ሦስት ዓመት ያንኑ ጥቁር ጠጥቷል፤ ተቀዶ ጢሱን ሕፃን ቢምገው ምን እንደሚሆን ይርጋ ያውቃል። «ኮቴን አልሰጥም» አለ። «እንትፍ እልባታለሁ፤ ይበቃል።» ቀረብ አለና የልጂቱ ግንባር ላይ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለ። በሕይወቱ ሥርጉትን በዚህ ያህል ቅርበት ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ቅንድቧ የማረው ነው። ከዚያ፣ ቡዳ በያዘው ሰው አፍ ሲያዝዝ ሰምቶ እንደሚያውቀው፣ ድምፁን አጎረነነና ማዘዝ ጀመረ። «እንድለቃት ከሻችሁ ያልኩትን ታደርጋላችሁ። አሁኑኑ፣ ለብ ባለ ብዙ ውኃ፣ በዚህ ሳሙና፣ ሰባት ጊዜ ትታጠብ። እናቷም እንደዚሁ። እስከ ዓመቱ ጥቁር ነገር ገላዋን አይንካ። ከሉን እኔ እወስደዋለሁ፤ እናንተ እንዳታቃጥሉት፤ ጢሱ ተመልሶ ይገባባታል።»

«እሺ» አለች ወይዘሮ አልታየች። «እሺ፣ እሺ።» እሺታዋን በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አልሰማም ነበር፤ አሁን ባንድ ጊዜ ሦስት አገኘ። ቦሩ ሜዳንም ሊያዝዝ አፉን አሞጠሞጠና ተወው። ቡዳ ሐኪም ቤት አይልክም። ያችን አንዲት ትእዛዝ ለልጂቱ ሲል ሳይሰጥ ቀረ፤ በኋላ ከሁሉ የሚቆጨው ይህ ሆነ።

ሳሙናውን መደቡ ጫፍ ላይ አኖረ። ወተቱንም አወጣ። ወይዘሮ አልታየች ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ለጣይባ አቀበለቻትና፣ «ድፊው» አለች። ጣይባ ጠርሙሱን ይዛ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች፤ ይርጋን አየችው፤ አንድ ነገር የገባት ትመስል ነበር፣ ወይም ደግሞ ወተት መድፋት ጨንቋት ይሆናል። ከዚያ ደፋችው። የመርዝ ማርከሻው ወተት ከደጁ ጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቦዩ ወረደ። ይርጋ ጎንበስ ብሎ ኩታውን አነሣ፤ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተተው። ባይነሽን ቀና ብሎ አያት። እሷ ግን የልጂቱን ፊት በመዳፏ ከልላ ነበር፤ ከእሱ ዓይን።

ግቢው ውስጥ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ወጥቷል። ሁለት ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በአጥሩ በኩል ቆመዋል፤ ሲያልፍ መንገድ ለቀቁለት። ዳሱ ተጥሎ የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ወይዘሮ አልታየች በሩ ላይ ወጥታ ጠራችው። ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው።

«ይርጋ። ማረውንስ? ወንድምህንስ የበላኸው አንተ ነህ?»

ቆመ። ሴቶቹም ቆሙ። ማረውን ማን እንደበላው እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ማኅተምም ያውቃል፤ በዚያ ዓመት ግን በአፍ የሚባል ነገር አልነበረም። «እኔ አይደለሁም» ማለትም ይችል ነበር። አይደለሁም ካለ ግን የቅድሙም ይፈርሳል፤ ያኛው ከፈረሰ ሌላ ከል ተነክሮ ይመጣል። ከቤቱ ውስጥ ውኃ ወደ ሳፋ ሲንቆረቆር ተሰማው። ሥርጉት ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ውኃው ቁስሏን ነክቷት ይሆናል።

«ንገረኛ» አለች ወይዘሮ አልታየች።

ካፊያው ኩታውን አርሶት፣ ወይን ጠጁ ቀለም በክንዱ ላይ ወደ መዳፉ ይወርድ ነበር። ይርጋ አልጠረገውም። ፊቱን ወደ ግቢው በር እንዳዞረ ወጥቶ ሄደ።